ጋሼን ያስቀየመች ቀንድ አውጣ

ጎረቤታችን ጋሼ፣ ነብርን ከቀንድ አውጣ ጋር ስላወዳደርኩባቸው ቡና ሲጠሩ «ጨጓራዬን አሞኛል» እያሉ ሲቀሩ ሰነበቱ። የጨጓራ መድኃኒታቸውን የምሸጥላቸው እኔ ስለሆንኩ ምክንያቱ እሱ እንዳልሆነ አውቃለሁ። አሁን ታርቀናል። በሐሳብ ግን አልተስማማንም፤ ክርክሩን እዚህ አሰፍረዋለሁ፣ ፍርዱ የእናንተ ነው።

መናገሻ ከተማ፣ ከአዲስ አበባ ወደ ሆለታ በሚወስደው አስፋልት ዳር፣ ትንሽ መድኃኒት ቤት አለችኝ። ሰው ሁሉ «ዶክተር» ይለኛል። አይደለሁም፣ ፋርማሲስት ነኝ፤ ግን ማስተባበሉ ሰልችቶኛል። ጋሼ ደግሞ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የሠሩት መናገሻ ሱባ ደን ውስጥ ነው። ችግኝ ጣቢያ ጀምረው ጥበቃ ላይ ጨረሱ። ወጨጫ ተራራን ከግርጌው እስከ ጫፉ በእግራቸው ያውቁታል። አፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘሩን ከወፍ ዋሻ ደን አስመጥተው ሱባን አስተከሉት የሚለውን ታሪክ ሲያወሩ፣ ጉድጓዱን አብረው የቆፈሩ ነው የሚመስሉት።

ጠቡን ያመጣው ወንድሜ ነው። የጅቡቲ መስመር ሹፌር ነው፤ ጭነት እስኪደርሰው ወረፋ ሲጠብቅ ባሕር ዳር ወርዶ የለቀመውን ዛጎል በፌስታል ቋጥሮ ያመጣልኛል። አብዛኛው የምናውቀው ነው፣ አገልግል ላይ የሚሰፋው ዓይነት። ባለፈው ካመጣቸው ግን አንዷ ለየት አለችብኝ። የጣት ርዝመት አላት፣ አንድ ጫፏ ሰፊ፣ ሌላው ጠባብ፤ ላይዋ ከዳር እስከ ዳር በቡናማ መስመር በተከበቡ ትንንሽ ነጫጭ ሦስት ማዕዘኖች የተሞላ። ጋሼ ባንኮኒው ላይ አይተዋት አነሷትና፣ «ይቺ ደግሞ የነብር ቆዳ ለብሳለች» አሉ። ልብ በሉ፣ ነብርን የጠሩት እሳቸው ናቸው! እኔ «ልብሳቸው ብቻ አይደለም ጋሼ፣ ሥራቸውም አንድ ነው» ብዬ ነው የጨመርኩት።

ስሟ ኮነስ ቴክስታይል ነው። ኮነስ የሚባለው የባሕር ቀንድ አውጣ ወገን ከ700 በላይ ዝርያ አለው። ቅርጻቸው ሾጣጣ፣ ሁሉም ሥጋ በል፣ ሁሉም መርዘኛ ናቸው። አብዛኞቹ የባሕር ትል ያድናሉ። ቴክስታይል ራሷ ቀንድ አውጣ ሆና ሌላ ቀንድ አውጣ ትበላለች። ጥቂቶቹ ግን ዓሣ ይይዛሉ፤ ጋሼ ያኮረፉት እዚህ ላይ ስደርስ ነው።

«ዓሣ ይዋኛል፣ ይቺ ትሳባለች። ቁጭ ብሎ ነው የሚጠብቃት?»

እውነቱን ለመናገር፣ አዎ። ዓሣ አዳኟ ቀን ቀን አሸዋ ውስጥ ወይም ድንጋይ ሥር ተሸሽጋ ትውላለች። ሲመሽ ትወጣና ውሃ የምትስብበትን ቱቦ ወደፊት ቀስራ ታሸታለች፤ ዓይኗ ደካማ ነው፣ የምትመራው በማሽተት ነው። ዓሣው ሌሊት አርፏል። ስትጠጋው ፕሮቦሲስ የሚባለውን ቀጭን መዘርጊያዋን ታወጣለች። ጫፉ ላይ አንድ ጥርስ ተሰክቶ ይጠብቃል፤ ውስጡ ክፍት፣ አፉ ላይ መንጠቆ ያለው። ከኋላ በመርዝ የተሞላው ጡንቻ ሲጨመቅ ጥርሱ ተወርውሮ ዓሣው ላይ ይተከላል። ይህ ሁሉ ከአንድ ሺህኛ ሰከንድ ያነሰ ጊዜ ነው የሚወስደው። ጥርሱ እኔ እንደምሸጠው ስሪንጅ ነው፣ አንዴ ከተወጋበት ሁለተኛ አይሠራም። ከውስጥ ግን ተራውን የሚጠብቅ ሌላ አለ፣ ከእሱም ኋላ ሌላ።

መርዙ አንድ ነገር አይደለም። በአንዲት ቀንድ አውጣ ውስጥ ከመቶ የሚበልጡ ትንንሽ ፕሮቲን መሰል ውህዶች አሉ፤ እያንዳንዱ የሚነካው የነርቭ በር የተለየ ነው። አንደኛው ቡድን የዓሣውን ነርቮች ሁሉ በአንድ ጊዜ ቀስቅሶ ገላውን ግትር ያደርገዋል። ሌላው ቡድን ዘግየት ብሎ ከነርቭ ወደ ጡንቻ የሚሄደውን ትእዛዝ ይቆርጣል። የመጀመሪያው እንዳያመልጥ ነው፣ ሁለተኛው እንዳይነቃ። አንዱ ብቻ ቢሆን አይበቃም ነበር፤ ዓሣ ጭራውን ሁለቴ ካወናጨፈ እሷ እድሜዋን ሙሉ ብትከተለው አትደርስበትም። እኔ በሙያዬ ስንት ሚሊ ግራም፣ በስንት ሰዓት ልዩነት፣ ከምን ጋር እያልኩ ነው የምውለው። እንዲህ በሥርዓት የተቀመመ ነገር ሳይ ባርኔጣ ቢኖረኝ አነሣ ነበር፤ ነጠላዬን ብቻ አስተካከልኩ።

በተለይ ኮነስ ጂኦግራፈስ የምትባለው። እሷ ለመውጋት እንኳ አትቸኩልም። አፏን እንደ ሰፊ ቀዳዳ ከፍታ ወደ ዓሣዎቹ ትጠጋለች፤ ዓሣዎቹም ፈዘው ይገቡላታል። ለምን እንደሚፈዙ ፍንጭ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ2015 ነው፤ መርዟ ውስጥ ኢንሱሊን ተገኘ። የራሷ ሰውነት የሚጠቀምበት ሳይሆን የዓሣን ኢንሱሊን የሚመስል። ውሃው ውስጥ ሲለቀቅ የዓሣዎቹ የደም ስኳር ይወርዳል፣ አቅም ያጣሉ። ይህን ሳነብ ደንግጬ ነው የተነሣሁት። ፍሪጄ ውስጥ ያለው ኢንሱሊን ነው! ምሳ ሳይበሉ መርፌያቸውን ወስደው፣ ላብ አጥምቋቸው እጃቸው እየተንቀጠቀጠ ደጄ ላይ የሚቀመጡትን እናቶች አውቃለሁ፤ ስኳር በጥብጬ አጠጥቼ ነው የማነቃቸው። ይሄ ሕመም ለሌላ ፍጡር ማደኛ መሆኑን ግን አስቤው አላውቅም። የእሷ ኢንሱሊን ከእኛው አጠር ያለ ስለሆነ እርስ በርሱ ሳይጣበቅ ፈጥኖ ይሠራል፤ ተመራማሪዎች ለስኳር ሕመምተኞች ፈጣን ኢንሱሊን ለመሥራት አወቃቀሩን የሚያጠኑት ለዚህ ነው።

ጋሼ ይህን ሁሉ አዳመጡና፣ «ሲጠቃለል መርዝ ነው። ነብር መርዝ አያውቅም» አሉ።

ወደ ነብሩ ልምጣ። አዲስ አበባ አንበሳ ትወዳለች፤ አንበሳ አውቶቡስ፣ አንበሳ ጫማ፣ ስድስት ኪሎ አንበሳ ግቢ። በነብር ስም የተጠራ አውቶቡስ እስካሁን አላየሁም። ከከተማው ጫፍ ወጣ ብለን ለምንኖረው ግን ጎረቤታችን ነብር ነው። ጋሼ በሥራ ዘመናቸው በዓይናቸው ያዩት ጥቂት ጊዜ ነው። «እኔ ያየሁትን እነግርሻለሁ፤ እሱ እኔን ያየበትን ግን እሱ ይንገርሽ» ይላሉ። «ነብር አየኝ በል» ብለን የምንዛዛትበት ቃል ለእሳቸው ዛቻ አይደለም፣ የሥራ ሪፖርት ነው። ዱካውን ከውሻ ይለዩታል፤ ውሻ ሲራመድ ጥፍሩ መሬት ላይ ይወጣል፣ ነብር ጥፍሩን ወደ ውስጥ ሰብስቦ ነው የሚሄድ። ግንድ ላይ የቧጠጠውን ያሳያሉ። መንደር ውስጥ ውሻ በሌሊት ጮኾ ድንገት ዝም ካለ፣ ጠዋት ሰንሰለቱን አይተው ጅብ ነው ወይስ እሱ ነው ብለው የሚፈርዱት እሳቸው ናቸው። ነብር ውሻ ይወዳል፤ ይሄ በብዙ አገር የታወቀ ነው።

ሲያድን ያዩት አንዴ ነው፤ ያን አንዴ ግን ስንት ጊዜ እንደነገሩኝ። ድኩላዋ ከጽዱ ሥር ትግጣለች። ነብሩ ሆዱን መሬት አስነክቷል። ቀና ስትል ይቆማል፣ ጎንበስ ስትል አንድ እግር ያነሣል። አንድ እግር ብቻ! ጋሼ ይህን ሲያሳዩኝ ከወንበራቸው ተነሥተው መዳፋቸውን በአየር ላይ አንጠልጥለው ይቆያሉ። ጥቂት ሜትር ሲቀረው ተወረወረ፤ ጉሮሮዋን ይዞ እስክትታፈን አልለቀቀም። «ነብር ሯጭ አይደለም» ይላሉ፤ «መጀመሪያው ላይ ከሳተ ይተወዋል። ክብር አለው።»

እኔ የምለው ይሄንኑ ነው። ክብሩን ለጊዜው ተዉትና፣ ሁለቱም ማሳደድ የማያዋጣቸው አዳኞች ናቸው። አቦ ሸማኔ ይሮጣል፣ ተኩላ ያሳድዳል፤ እነዚህ ግን ርቀቱን በትዕግሥት ጨርሰው መጨረሻው ላይ አንድ ነገር ብቻ ያደርጋሉ። ሁለቱም ሌሊት ይወጣሉ፣ ሁለቱም ለብቻቸው ያድናሉ። ትልቅ ወንድ ነብር ከ60 ኪሎ ሊያልፍ ይችላል፣ ጂኦግራፈስ ከ15 ሳንቲ ሜትር ብዙም አትረዝምም፤ ሥራው ግን ያው ሥራ ነው።

ከግዳዩ በኋላ ያለው ችግራቸውም አንድ ነው፤ ቀማኛ። ወጨጫ ላይ ጅብ ሞልቷል፤ ነብር ብቻውን ከጅብ መንጋ ጋር አይጣላም። ስለዚህ ከራሱ ክብደት የሚበልጥ ሥጋ እንኳ ቢሆን በአፉ ነክሶ ዛፍ ላይ ይወጣል። ጋሼ ዝግባ ላይ የተሰቀለ የድኩላ ቅሪት አይተዋል። ቀንድ አውጣዋ የምትወጣበት ዛፍ የላትም። ዓሣው ተወግቶ ቢንሳፈፍ ሌላ ይወስደዋል፤ እናም ዓሣ ወጊዎቹ ጥርሱን በፕሮቦሲሳቸው ጫፍ ጨብጠው አይለቁም፣ ያንኑ መልሰው እየሳቡ ዓሣውን ወደ አፋቸው ያስገባሉ። ሙሉውን ይውጡታል። ከሰዓታት በኋላ አጥንቱንና ቅርፊቱን፣ ያገለገለውን ጥርስ ጨምረው ይተፉታል።

ስለ ልብሳቸው ትንሽ ልበል፤ ጋሼ የጀመሩት ነገር ስለሆነ። እንግሊዛዊው የሒሳብ ሊቅ አለን ቱሪንግ እ.ኤ.አ. በ1952 ባወጣው ጽሑፍ፣ ሁለት ኬሚካሎች አንዱ እየቀሰቀሰ ሌላው እየገታ በተለያየ ፍጥነት ሲሰራጩ፣ ወጥ ከሆነ ነገር ላይ ነጥብና መስመር ሊወጣ እንደሚችል አሳየ። ከእሱ በኋላ ሀንስ ማይንሃርት የተባለ ጀርመናዊ በዚህ ዓይነት ስሌት የዛጎሎችን ሥዕል በኮምፒውተር አወጣ። የነብርን ነጥብ በዚሁ መንገድ ለመረዳት የሞከሩም አሉ። ልዩነቱ ግን ይገርማል። የነብር ግልገል ነጥቡ የሚወሰነው ገና ማሕፀን ውስጥ ሳለ ነው፤ ከዚያ ሲያድግ ይሰፋል፣ መሐሉ ይከፈታል፣ ቦታውን ግን አይለቅም። ነብር ዝንጉርጉርነቱን አይለውጥም የሚለውን ሁላችንም ሰምተነዋል። የሁለት ነብሮች ነጥብ አንድ ስለማይሆንም ተመራማሪዎች ጫካ ውስጥ በሚሰቅሉት ካሜራ አንዱን ከሌላው ይለዩበታል። ቀንድ አውጣዋ ግን ልብሷን ዕድሜ ልኳን ነው የምትሠራው። ዛጎሏ የሚያድገው በከንፈሩ በኩል ብቻ ስለሆነ ሥዕሉ መስመር በመስመር ይጨመራል፤ የልጅነቷ ጫፉ ላይ ነው፣ የመጨረሻ ቀኗ ከንፈሩ ላይ። ወንድሜ ያመጣት ላይ፣ ወገቧ አካባቢ፣ ተሰብሮ የተጠገነ መስመር አለ። አንድ ነገር፣ ምናልባት ሸርጣን፣ ሊሰብራት ሞክሯል። ከዚያ መስመር በፊት ያሉት ሦስት ማዕዘኖችና ከዚያ በኋላ ያሉት አይገጥሙም። ለጋሼ በማጉያ መነጽር አሳየኋቸው። «ቆስላ ድናለች ማለት ነው» አሉ፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ «ይቺ ነገር» ማለታቸውን ትተው «ይቺ ልጅ» ይሏታል።

የነብር ቆዳ ሰው ላይ ብዙ ጊዜ ወጥቷል፤ ለምድ ሆኖ የጀግና ትከሻ ላይ፣ በኋላም የፈረንጅ ሴት ካፖርት ሆኖ። ዓለም አቀፍ ንግዱ ላይ ጥብቅ ቁጥጥር የተጣለው እ.ኤ.አ. በ1975 ነው። ከቀንድ አውጣዋ ሰው የወሰደው ሌላ ነገር ነው። ፊሊፒንስ የተወለደው ባልዶሜሮ ኦሊቬራ ልጅ ሆኖ ዛጎል ይለቅም ነበር። አድጎ አሜሪካ፣ ዩታ ዩኒቨርሲቲ፣ የእነዚህን መርዝ ሲመረምር፣ ገና ከሁለተኛ ደረጃ የወጣ ማይክል ማኪንቶሽ የሚባል ተማሪ ኮነስ ማገስ ከምትባለው መርዝ አንዷን ውህድ ለይቶ አወጣ። ከሃያ አምስት አሚኖ አሲድ፣ ማለትም ከሃያ አምስት የፕሮቲን ጡብ ብቻ የተሠራች ናት። ከእሷ የተሠራው ዚኮኖታይድ እ.ኤ.አ. በ2004 አሜሪካ ውስጥ ለከባድ ሕመም ማስታገሻነት ተፈቀደ። አከርካሪ ውስጥ ሕመምን ወደ አንጎል የሚያሳልፈውን የካልሲየም በር ይዘጋል። እንደ ሞርፊን ሱስ አያስይዝም፣ ሰውነትም እየለመደው መጠን ጨምሩልኝ አይልም። ግን ክኒን አይደለም፤ በፓምፕ በቀጥታ ወደ አከርካሪ ፈሳሽ ነው የሚገባው፣ መጠኑ ካለፈም ሰውን ያቃዣል። የእኔ መደርደሪያ ላይ እንደማይደርስ አውቃለሁ። ቢሆንም የካንሰር ሕመምተኛ ልጅ የሞርፊን ማዘዣ ይዞ ሲመጣ ይቺ ቀንድ አውጣ ትዝ ትለኛለች።

ጋሼ ለዚህ መልስ አላጡም። «ነብር ለመድኃኒትነት አልተፈጠረም።»

የጅቡቲ መስመር ሹፌሮችና ረዳቶች ይህን የምታነቡ ከሆነ፣ ለወንድሜ የነገርኩትን ለእናንተም ልንገር። ባዶ ዛጎል ምንም አያደርግም። ውስጡ ሕይወት ያለበትን ሾጣጣ ግን አትንኩ፣ ኪሳችሁም አትክተቱ። ከእነዚህ ቀንድ አውጣዎች የተነሣ የሞት ታሪክ መጻፍ የተጀመረው ቀደም ብሎ ነው፤ ሩምፊየስ የሚባል የተፈጥሮ ተመራማሪ የዛሬዋ ኢንዶኔዥያ ውስጥ ባለው ባንዳ ደሴት ላይ አንዲት ሴት በእጇ ይዛው እንደሞተች የጻፈው እ.ኤ.አ. በ1705 ታትሟል። ሰው በመግደል የሚታወቀው ጂኦግራፈስ ነው። ሲወጋ ላያም ይችላል፤ ከዚያ ከንፈር ይደነዝዛል፣ ዓይን ይከብዳል፣ በመጨረሻ የመተንፈሻ ጡንቻ ይቆማል። ማርከሻ የለውም። የተወጋው እጅ ሳይንቀሳቀስ ቶሎ ሐኪም ቤት መድረስ ነው፤ መተንፈስ ካቆመ መርዙ እስኪለቅ ድረስ ሌላ ሰው ወይም ማሽን ሊያስተነፍሰው ይገባል። በሰፊው ጫፍ ብይዘው አይደርስብኝም የሚል አለ፤ ይደርሳል፣ ፕሮቦሲሱ ተጠማዝዞ ወደ ኋላ ይመጣል።

የነብር ጭራ አይዙም፣ ከያዙም አይለቁም ይባላል። ለጋሼ ቀንድ አውጣዋ የምትለየው እዚህ ላይ መሆኑን ነገርኳቸው፤ እሷን የያዘ ቶሎ መልቀቅ ነው ያለበት። ሳቁ። ዕርቃችን የጀመረው ያን ጊዜ ነው መሰለኝ።

ግን ከልባቸው ያስቀየማቸው ሌላ ነገር እንደነበር በኋላ ነው የገባኝ። መርዙም፣ ትንሽነቷም አልነበረም። «ነብር ይማራል» አሉኝ አንድ ቀን፣ ሁለተኛውን ቡና እየጠጣን። እናቲቱ ግልገሎቿን ዓመት ተኩል ሁለት ዓመት ይዛ ትዞራለች። ሽኮኮ ይይዛሉ፣ ይስታሉ፣ ወፍ ይይዛሉ፣ እንደገና ይስታሉ። ውሻ የለመደ ነብር ውሻ አይተውም፣ ከሰው የሚሸሽ ነብር የሰው ድምፅ ያለበትን ሰዓት ያውቃል፤ ጋሼ በአንድ ሸለቆ የሚኖሩትን ሁለቱን በጠባያቸው ይለዩ ነበር። «ያንቺዋን ማን አስተማራት?» አሉ። ማንም። እንቁላሏ ከረጢት ውስጥ ድንጋይ ላይ ይጣበቃል፤ የምትፈለፈለው እናቷን አታውቅም። ማገስ ሕፃን ሳለች ትል ነው የምታድነው፣ አድጋ ነው ወደ ዓሣ የምትሸጋገረው፣ ጥርሷም መርዟም አብሮ ይቀየራል፤ ግን ይህንንም ያሳያት የለም። «ሳይማሩት የመጣ ሙያ አላከብርም» አሉ።

እኔ አከብራለሁ። ነብሩ ከሳተ ነገ ሌላ ድኩላ አለ፤ እሷ ትሳት ዘንድ ቦታ የላትም። ያን ያህል ዘመን፣ ትውልድ በትውልድ፣ በሞት እየተመረጠ የተስተካከለ መጠን ከእናት ትምህርት አያንስም ብዬ ተከራከርኩ። ጋሼ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ነብር ባሕር ዳር ቢወለድ ኖሮ ይቺን በቁርሱ ይበላት ነበር።»

ነብር የማይበላው እንደሌለ አልክድም፤ ጥንዚዛም፣ ዓሣም፣ ሸርጣንም ይበላል። «ግን መጀመሪያ በመዳፉ ይነካታል» አልኳቸው።

«ይነካታል እንጂ።»

«በየት በኩል?»

ስኒያቸውን አዞሩት፣ አዩት። «በኋላዋ በኩል።»

«በኋላዋም ትደርስበታለች ጋሼ፣ ነገርኩዎት እኮ።»

«እንግዲያው» አሉ፣ ስኒውን ለሦስተኛ እየዘረጉልኝ፣ «እናቱ ቀድማ ትነግረዋለች።»